የብራይት መጽሐፍና የኩላሊት በሽታ ስም

ሪቻርድ ብራይት የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1827 እ.ኤ.አ. በለንደን ያሳተመው የሕመምተኞች ታሪክ፥ ስለ ኩላሊት በሽታ ለሚደረገው ጥናት መሠረት ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። እዚህ የምንመረምረው ምስጋናውን ለመድገም ሳይሆን፥ የሚጠቅመንን ከጉድለቱ ለመለየት ነው።

የመጽሐፉ ብርታት ሦስት ነገሮችን ማያያዙ ነው፤ እነርሱም የሰውነት እብጠት፥ ሲሞቅ የሚረጋ ሽንትና ከሞት በኋላ በምርመራ የታየ የተበላሸ ኩላሊት ናቸው። ሽንት በማንኪያ ተደርጎ በሻማ ሲሞቅ እንደ እንቁላል ነጭ የሚረጋው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ነው፤ ጤነኛ ኩላሊት ግን ይህን በደም ውስጥ ያስቀረዋል። እንግዲህ ብራይት በሽታውን የመረመረው ከሽንቱ እንጂ ከወገብ ሕመም ተነሥቶ አይደለም።

ጉድለቱ፥ ሕመምተኞቹን ያገኛቸው ካበጡ በኋላ ስለ ሆነ በሽታው ተሰውሮ የሚቆይበትን ዘመን አለማሳየቱ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ምክንያታቸው ልዩ ልዩ የሆነውን በሽታዎች «የብራይት በሽታ» በሚል አንድ ስም ጠቀለሏቸው።

በአገራችንም ወገቡን ያመመው፥ ሽንቱ ያቃጠለው፥ ጠጠር የያዘው ብዙ ሰው «ኩላሊቴን» ይላል። በሽንት መንገድ የገባ ተሕዋስ ማቃጠልን፥ ጠጠርም ብርቱ ሕመምን ያመጣል፤ ሥር የሰደደው የኩላሊት በሽታ ግን ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። በመካከላቸው ዝምድና የለም ማለታችን አይደለም፤ ሽንትን አግዶ የቆየ ጠጠር ወይም ያበጠ ፕሮስቴት ኩላሊትን ሊያበላሽ ይችላል። ነገር ግን በሕመም ብቻ የሚፈርድ ሰው ወገቡን ባመመው ጊዜ በከንቱ ይጨነቃል፤ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ኩላሊቱን ሲያደክምበት ግን ያለ ሥጋት ይቀመጣል።

በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው መመሪያ ነገሩን በልክ አስቀመጠው። ለመደበኛ የሰውነት ስፋት ታስቦ የማጣራት ኃይሉ በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች የወረደ፥ ወይም እንደ አልቡሚን ያለ የጉዳት ምልክት የታየበት ኩላሊት፥ ሁኔታው 3 ወር ከቆየ ሥር የሰደደ በሽታ አለበት ይባላል፤ ደረጃውም እስከ 5 ይቈጠራል። ይህም በደም ውስጥ ባለው ክሪያቲኒንና በሽንት ምርመራ ይታወቃል።

ስለዚህ የብራይት ስም ቢረሳ አይጎዳንም፤ ሽንትን የመመርመር ልማዱ ግን ሊቀር አይገባም። ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሳያመው ሽንቱንና ደሙን ቢያስመረምር፥ ብራይት ዘግይቶ ያገኘውን በሽታ ገና ሳለ ሊደርስበት ይችላል።