ለጠጅ ሁለት ዕቃ

ቤታቸው ጠጅ ለመጣል ያሰቡ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ማሩ ነው። የየት አገሩ ይሻላል? ነጩ ወይስ ቀዩ? እኔ ግን በምን ሊጥሉት እንዳሰቡ ሳልሰማ ስለ ማር ማውራት አልወድም። በስንት ብር የተገዛ ማር በማይሆን ዕቃ ሲበላሽ ማየት ያንገበግበኛል።

ጠጅ ሁለት ዕቃ ይፈልጋል፤ አንዱ አፈ ሰፊ፣ ሌላው አፈ ጠባብ። ብርዙ ጌሾ ገብቶበት መፍላት ሲጀምር አረፋው ይነሳል፣ የጌሾው እንጨት ወደ ላይ ይንሳፈፋል። እሱን ማማሰል፣ ሰፈፉን መግፈፍ፣ በኋላም ጌሾውን ለቅሞ ማውጣት አለ። ስለዚህ ክንድ እንደ ልብ የሚገባበት ዕቃ ያሻል፤ ሲሞላም ለአረፋው ሩቡ ባዶ ይተዋል። አፉን በንጹሕ ጨርቅ ማሰር ለጊዜው ይበቃል፤ ከውስጥ የሚወጣው ጋዝ አየሩን ይገፋዋልና። አጥብቆ መክደን ግን አደጋ ነው፤ ጀሪካን ይነፋል፣ ጠርሙስ ይፈነዳል።

ከተጠለለ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ፍላቱ ሲበርድ ጋዙ ያንሳል፤ አየር እንደ ልብ ያገኘ ጠጅ ደግሞ ይኮመጥጣል። ያኔ እስከ አንገቱ የሚሞላ አፈ ጠባብ ዕቃ ነው የሚያስፈልገው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለወይን ጠጅ መጥመቂያ የሚሸጠውን 19 ሊትር ገደማ የሚይዝ ጠርሙስ ይገዛሉ። ውሃ የሚቋጥረው ትንሽ መክደኛው ጋዙን እያስወጣ አየር አያስገባም፤ ለሁለተኛው ዕቃ ከዚህ የሚሻል የለም። ለመጀመሪያው ግን አይሆንም፤ ያበጠ ጌሾ በዚያ አንገት አይወጣም።

ሸክላ የመረጠ ሰው ድካሙንም አብሮ መርጧል። የግራዋ ቅጠል ጨፍልቆ ውስጡን በደንብ ማሸት፣ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በሚጨስ ወይራ ላይ ደፍቶ ማጠን። መታጠኑን የማውቀው በአፍንጫዬ ነው። ዕቃውን አንስቼ ወደ አፉ ስጠጋ የአፈርም የአሮጌ ጠጅም ሽታ ጠፍቶ ወይራው ብቻ ከቀረ ደርሷል። የቆየ ጠጅ ትንሽ እንኳ ከሸተተኝ እንደገና ወደ ግራዋው እመለሳለሁ። ያ ጭስ ጠጁ ውስጥ ይገባል፤ ለእኔ የቤት ጠጅ ጣዕም ግማሹ እሱ ነው።

ይህን ሁሉ የማይችል ሰው ለምግብ የተሠራ አዲስ ፕላስቲክ ባልዲ ይግዛ። ዘይት የነበረበት ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ሽታው አይለቅም፤ ስለ ናፍጣውማ ባንነጋገር ይሻላል። አሉሚኒየምም ይቅር፤ ጠጅ አሲድ ስላለው ብረቱን ይበላዋል።

ለመስፈሪያ አንድ ጣሳ ይበቃል። ብዙ ሰው 1 ለ 3 ሲባል 1 ኪሎ ማር በ3 ሊትር ውሃ ይበርዛል። ማር ከባድ ነው፤ ኪሎው 0.7 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሚሆን ብርዙ ይቀጥናል። ማሩም ውሃውም በዚያው ጣሳ ይሰፈር።