ለደጋ የተሠራ ባቡር

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም መጥቶ አዲስ አበባ ጎጃም በረንዳ ላይ ቀላል ባቡር የሚሳፈር ሰው መጀመሪያ የበሩን ደፍ ይመልከት። መወጣጫ ደረጃ የለውም። የጣቢያው መቆሚያና የባቡሩ ወለል እኩል ለመሆን የቀረቡ ናቸው፤ አዛውንቱም እህል የተሸከመውም ሳይቸገር ይገባል። ከወለሉ 70 በመቶው እንዲህ ዝቅ ያለ ነው። ለዚህ ሲባል ሞተሮቹ ወደ ሁለቱ ጫፎች ተገፍተዋል፤ ወለሉ ከፍ የሚለውም እዚያ ብቻ ነው። ወለል ሥር ቦታ ያጣው የኤሌክትሪክ ዕቃ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። የነጂ ክፍል በሁለቱም ጫፍ ስላለ ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ደርሶ መዞር አያስፈልገውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ዓይን የማያየው ሥራ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር የሞተርን ሙቀት ቶሎ አይወስድም። የኤሌክትሪክ ብልጭታንም እንደ ቆላ አየር አያግድም። ተራ የኤሌክትሪክ ዕቃ በአብዛኛው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ይሠራል። እዚህ ግን 750 ቮልት በተሸከመው ክፍልና በባቡሩ ገላ መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ማለት አለበት። የሚጨመረው ሚሊሜትር ነው፤ ተሳፋሪ አያውቀውም፤ ሠሪው ግን አንድ በአንድ ማስላት ነበረበት።

ፀሐዩም የደጋ ፀሐይ ነው። በከፍታ የሚበረታው ጨረር ቀለም ያነጣል፣ ላስቲክ አድርቆ ይሰነጥቃል። ባቡሩን የሠራው የቻይናው ቻንግቹን ፋብሪካ ላስቲኩንና መስኮቱን ይህን ጨረር እንዲችሉ አድርጎ ሠራቸው። በሩ ሲዘጋ ሁለቱ ጠርዞች የሚገጥሙበትን መስመር ልብ ብሎ ማየት ነው። ያ ላስቲክ ከተሰነጠቀ የሐምሌ ዝናብ ቀጥታ ይገባል።

አገልግሎቱ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲጀመር የተገዙት ባቡሮች 41 ነበሩ። የሰሜን ደቡቡ መስመር ባቡሮች አረንጓዴና ነጭ፣ የምሥራቅ ምዕራቡ ሰማያዊና ነጭ ተቀቡ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት አምስት ጣቢያዎች ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ባቡሩን በቀለሙ ይለያል። ለእኔ በዓይን ከሚታየው ብልሃት ሁሉ ይኼኛው ይበልጣል። ከባቡሮቹ ብዙዎቹ በኋላ በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸው ያሳዝነኛል። ለቦታው ተብሎ የተሠራ ዕቃ መለዋወጫውም አብሮ ሊታሰብለት ይገባ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ሐዲድ የላትም። በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ላይ ግን ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ወልዲያ የሚደርስ መስመር ተሰምሯል። ከተማዋ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መስመሩ ከተዘረጋ ለእሱ የሚታዘዘው ባቡር የኤሌክትሪክ ክፍተቱም፣ ማቀዝቀዣውም፣ የበሩ ላስቲክም በዚያ ከፍታ ልክ ከፋብሪካው ተሰልተው መምጣት አለባቸው።