የአይብና የበሶ ቡና በምን ይመዘናል?

ቡናን ከወተትና ከፕሮቲን ዱቄት ጋር በጁስ መፍጫ መትቶ መጠጣት ስፖርት ቤት ከሚያዘወትሩ ከተሜዎች የመጣ ልማድ ቢመስልም፣ መጠጡ የሚፈልገው ነገር በመንዝ ጓዳ ውስጥ አለ፤ ከቡናው በቀር። ቡናማ ለደጋው ምንጊዜም የገበያ ዕቃ ነው። የመንዟ ሞላሌ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የገብስ አገር ናት። ገብሱ በሶ ይሆናል፣ ከላሟም አይብ ይገኛል። ስለዚህ የሚያከራክረው አሠራሩ ሳይሆን የተሠራው ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው በውፍረቱና በአረፋው ይፈርዳል፤ ማንኪያ የሚያቆም ከሆነ “ኃይል አለው” ይባላል። ይህ ሚዛን ያሳስታል ባይ ነኝ። እንዲህ ያለ መጠጥ መመዘን ያለበት በሁለት ነገር ነው፦ ፕሮቲኑ ከምን እንደመጣና ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ ሲኖረው፣ ቡናውም በዚያ ሁሉ ጭማሪ መካከል ሳይጠፋ ሲቀር።

ውፍረት ለምን ምስክር እንደማይሆን ቁጥሩ ይናገራል። በሶ የሚያወፍረው በስታርቹ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ማለትም 20 ግራም ያህል፣ ብርጭቆውን በደንብ ያከብደዋል፤ የሚሰጠው ፕሮቲን ግን 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ሙዝና አቮካዶም እንዲሁ ያወፍራሉ እንጂ ፕሮቲናቸው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ቅቤ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አሳሳች ነው። በቅቤ የተፈላ ቡና ሆድ ይይዛል፣ ብርድም ያስረሳል፤ ነገር ግን በ100 ግራም ቅቤ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 1 ግራም እንኳ አይሞላም። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት 8 ግራም ገደማ ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚቆመው አይብ ነው። አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባጠናው መሠረት፣ የሀገራችን አይብ 79 በመቶ ያህሉ ውሃ፣ 15 በመቶ ገደማው ፕሮቲን ሲሆን ስቡ 2 በመቶ አይሞላም። እንግዲህ 100 ግራም አይብ፣ ግማሽ ብርጭቆ ወተትና ሁለት ማንኪያ በሶ ሲደመሩ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ይወጣል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ጤናማ አዋቂ የቀን ፍላጎቱ 48 ግራም አካባቢ በመሆኑ፣ ከአንድ ብርጭቆ ይህን ያህል ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ በሶው ለምን ገባ የሚል ይኖራል። አንደኛው ምክንያት የገብስ ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚያንሰው መሆኑ ነው፤ የወተት ፕሮቲን ደግሞ ላይሲን ሞልቶታል። ሁለቱ ሲገናኙ የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሞላል። ሁለተኛው ምክንያት ጣዕም ነው። የተቆላ ገብስና የተቆላ ቡና አንድ ዓይነት የእሳት ሽታ ስላላቸው ይስማማሉ፤ ቫኒላም ሆነ ቸኮሌት ሳይጨመር መጠጡን ሙሉ የሚያደርገው ይኸው ነው። ይህ የሚሆነው ግን በሶው ጥሩ ሲሆን ነው። ጥሩ በሶ በደንብ ከተፈተገና እኩል ከተቆላ ገብስ የተፈጨ ነው፤ ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ገለባው በቀላሉ የሚለቀው ገብስ ከተገኘማ ሥራው ይቀላል። ቆንጠር አድርጎ ምላስ ላይ ማሳረፍ በቂ ፈተና ነው። ወዲያው ጣፈጥ ብሎ ከሟሟ ደኅና ነው፤ ጥሬ ጥሬ ካለ አልበሰለም፣ ከመረረ አርሯል፣ ጥርስ ላይ ከተንኮሻኮሸ አሸዋ ገብቶበታል። ያረረ በሶ ከቡና ጋር ሲቀላቀል ጥፋቱ በቡናው ይሳበባል፤ ብዙ ሰው “ቡናው መረረ” ብሎ ስኳር የሚጨምረው ለዚህ ነው።

አይቡም የራሱ ምርመራ አለው። ወተቱ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው እሳት ላይ ይጣዳል፤ አይቡ ሲረጋ አጓቱ ይጠላል። እሳቱ ከበዛበት አይቡ የመጠበስ ጠረን ያመጣል፣ ፍሬውም ይደርቅና በጁስ መፍጫ እንኳ አይልምም። ለዚህ መጠጥ የሚስማማው አዲስ፣ ለስለስ ያለ፣ ኮምጠጥ ማለቱ ያልበዛ፣ ኮሰረትም ሆነ ጤና አዳም ያልገባበት አይብ ነው። ሽታ ያለው አይብ በጎመን ይበላ እንጂ ቡና ውስጥ አይግባ።

ወደ ቡናው ስንመጣ፣ ከጀበና የወጣ ወፈር ያለ አቦል፣ ሁለት ስኒ ያህል፣ ይበቃል። ከፍታው ያሳስበው ሰው አይጠፋም፤ በሞላሌ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነውና። ይህ ሙቀት ቡና ጣዕሙን እንዲያወጣ ይበቃዋል፤ ወተትንም ቢሆን በደንብ እስኪፈላ ድረስ ካቆዩት ከጀርም ያጠራዋል። ጥንቃቄ የሚፈልገው አቆላሉ ነው። ገና ሳይጠቁር ከእሳት የወረደ ቡና አሲዱ ያይላል፤ ትኩሱን ወተት ላይ ሲያፈሱት ወተቱ ሊቋጥር ይችላል። ከሰል እስኪመስል የተቆላው ደግሞ ከመራራነቱ በቀር ምንም አያተርፍም። መካከለኛውን መርጦ፣ ጀበናው አተላውን እስኪያሰፍር ታግሶ፣ ቡናው ለብ እስኪል ጠብቆ መቀላቀል ነው። መብራት ከሌለ ሥራው አይቆምም፦ አይቡን በወንፊት አሽቶ ማሳለፍ፣ ከዚያ ሁሉንም ሃይላንድ ውስጥ ጨምሮ በሶ እንደሚመታው መምታት ነው። እንዲያውም በሃይላንድ የተመታው አረፋ ስለማይበዛበት ጉድለቱን አይደብቅም።

የተሠራውን ለመፍረድ የመጀመሪያው ጉንጭ ብቻውን አይበቃም። ብርጭቆው አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። አረፋው ሲወርድ በመጠጡ ላይ ቢጫ ቀመስ ውሃ ከተንሳፈፈ አይቡ አልተዋሐደም፣ አጓቱ ተለይቷል። ተጠጥቶ ሲያልቅ ከግርጌው የቀረውን በሁለት ጣት አሽቶ ማየት ነው፦ የሚደፈጠጠው አይብ፣ እንደ ሊጥ የሚለጠፈው በሶ፣ የሚሻክረው የቡና አተላ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጣት ይናገራል። ጣዕሙን በተመለከተ ቅደም ተከተሉን ማዳመጥ ይጠቅማል። መጀመሪያ ቡና፣ ቀጥሎ የተቆላ ገብስ፣ በመጨረሻ የአይብ ለስላሳነት ከመጣ ሥራው የሰመረ ነው። መጀመሪያ ምላስ የሚነካው ጣፋጭነት ከሆነ ግን ማሩ ወይም ስኳሩ ከሚገባው በላይ ገብቷል፤ ያ መጠጥ ከለስላሳ መጠጥ ብዙም አይርቅም።

“ቡና በጀበናው ይከበር፣ ይህ ማርከስ ነው” የሚሉ አሉ። ክብሩን አልነካውም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካው በቦታው ነው። ነገር ግን ልማድ የማይለወጥ ይመስል መከራከር ታሪኩን መርሳት ነው። በሸዋ ክርስቲያን ዘንድ ቡና ራሱ ለረጅም ጊዜ እንደ ባዕድ ነገር የሚታይና የሚወገዝ ነበር። በሰፊው ሕዝብ ዘንድ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነው፤ ለዚህም ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣታቸውና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ጥርጣሬውን ለማስወገድ መጣራቸው አስተዋጽኦ እንዳደረገ ይነገራል። “ሙቀት ፕሮቲኑን ይገድለዋል” የሚለውም አያስኬድም፤ ሙቀት የፕሮቲኑን ቅርጽ ይለውጣል እንጂ ምግብነቱን አያጠፋም። ጠንከር ያለው ተቃውሞ የፕሮቲን ዱቄት ደጋፊዎች የሚያነሡት ነው፤ አንድ ማንኪያ ዱቄት 20 ግራምና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ስለሚሰጥ ልፋቱ ለምን ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ዱቄቱ ይሠራል። ሆኖም ዋጋው ውድ ነው፣ ብዙው ማጣፈጫ ተጨምሮበታል፤ የብዙው መነሻ ደግሞ እኛ ከአይብ ለይተን የምናስወግደው አጓት ነው። አይብ ያለው ቤት ዱቄት ፍለጋ የሚወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

የማይሸሸው ጥያቄ የጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምም ሲገባ፣ አይብና ወተት ይቀራሉ። ያኔ ቦታውን የሚይዘው ለውዝ ነው፤ 30 ግራም የተፈጨ ለውዝ 7 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ከአኩሪ አተር ወተትና ከበሶ ጋር ሲመታ 15 ግራም አካባቢ ይደርሳል። አኩሪ አተር ጥሬውን የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር ስላለው በደንብ መብሰል አለበት፤ ውሃ በ90 ዲግሪ በሚፈላበት ደጋ ደግሞ ከቆላው ይበልጥ ይቆያል። ተልባ ቢጨመር ያወፍራል፣ ያጣፍጣል፣ ፕሮቲኑ ግን በአንድ ማንኪያ 2 ግራም ገደማ ነው። የጾሙ ብርጭቆ ከፍስኩ ያንሳል፤ ያንሳል ማለት ግን አይረባም ማለት አይደለም።

ለሚያዘጋጁት ሁለት ነገር ላሳስብ። ቡና ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚያግድ፣ በተለይ የደም ማነስ ያለባት ሴት ከምግብ ጋር አትጠጣው፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ታራርቀው። ለልጆች ደግሞ ቡናውን ተዉትና አይቡን፣ ወተቱንና በሶውን ብቻ መትታችሁ ስጧቸው።