ከቢፒአር እስከ ካይዘን፦ ማስረጃውን የጠየቀ ማን ነው?

የአገራችን መሥሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎች በአንድ አሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ሦስት የአመራር «መድኃኒት» ተራ በተራ ታዞላቸዋል። መጀመሪያ ቢፒአር፣ ማለትም መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ። ቢኤስሲ የተባለው የውጤት መመዘኛ ተከተለ። ከዚያ ካይዘን ከጃፓን ገባ፤ በ2009 በሠላሳ ድርጅቶች መሞከር ጀመረ፣ በ2011 የራሱ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁሉም ሲመጡ ሥልጠናው፣ አበሉና ባነሩ አብሮ መጣ፤ አንዱ ምን እንዳስገኘ በቅጡ ሳይመረመር ሌላው ደረሰ። በውጭ የምንኖረውም በየድረ ገጹ ብዙ ተከራክረንበታል። ክርክራችን ግን አብዛኛውን ጊዜ «ማን አመጣው?» የሚል ነበር። ደጋፊው መንግሥት ስላመጣው ይደግፋል፣ ተቃዋሚው መንግሥት ስላመጣው ይቃወማል። «ከዚህ በፊት በሌላ ቦታ ስንት ጊዜ ተሞከረ? ስንቱ ጋ ሠራ? ስንቱ ጋ ከሸፈ?» የሚለው ጥያቄ ከሁለቱም ወገን ሲነሳ ብዙም አልሰማሁም።

በምትኩ የነበረን «የልምድ ልውውጥ» ነው። ተሳክቶለታል የተባለውን መሥሪያ ቤት ጎብኝቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስ! በእኔ ሙያ፣ በምሕንድስና፣ የቆሙትን ድልድዮች ብቻ አይቶ ድልድይ መሥራት አይቻልም፤ አብልጠን የምንማረው ከወደቁት ነው። የአመራር መጻሕፍት ግን የቆሙትን ብቻ ይቆጥራሉ። ቶም ፒተርስና ሮበርት ዋተርማን በ1982 ባሳተሙት ዝነኛ መጽሐፍ የላቁ ያሏቸውን የአሜሪካ ኩባንያዎች ምሥጢር ነገሩን፤ በ1984 ቢዝነስ ዊክ መጽሔት ከነዚያ ኩባንያዎች በርካቶቹ ችግር ላይ እንደወደቁ ዘገበ። ጂም ኮሊንስ በ2001 ከደህና ወደ ታላቅ ተሸጋገሩ ብሎ ከመረጣቸው አሥራ አንድ ኩባንያዎች አንዱ ሰርኪት ሲቲ በ2008 ከሰረ። ሌላው፣ ፋኒ ሜይ፣ በዚያው ዓመት በአሜሪካ መንግሥት ሞግዚትነት ሥር ገባ። መጽሐፉ ግን አሁንም ይሸጣል።

ለዚህ በሽታ የሕክምናው ዓለም ያገኘው መፍትሔ ስልታዊ ዳሰሳ ይባላል። ነገሩ ቀላል ነው። ጥያቄው አስቀድሞ ይጻፋል፤ በጥያቄው ላይ የተሠሩ ጥናቶች የተሳካላቸውም ያልተሳካላቸውም ሁሉ ይፈለጋሉ፤ የትኛው እንደሚገባና የትኛው እንደሚጣል በግልጽ መስፈርት ይወሰናል፤ ከዚያ በአንድነት ይመዘናሉ። ሌላ ሰው መንገዱን ተከትሎ ውጤቱን ሊያረጋግጥ ይችላል። ቀኑ ሳይደርስ ለምትወልድ እናት የሚሰጥ፣ የሕፃኑን ሳንባ የሚያጎለብት ርካሽ መርፌ አለ። የመጀመሪያው ሙከራ የታተመው በ1972 ነበር። ተከታዮቹ ሙከራዎች አብዛኞቹ ትንንሽ ስለነበሩ ለየብቻቸው አላሳመኑም። በ1989 ተደምረው ሲታዩ ግን ጥቅሙ ጎልቶ ወጣ። በመካከሉ ብዙ ሐኪሞች መርፌውን ሳይሰጡ ስንት ሕፃናት አለፉ! በ1993 የተቋቋመውና በስኮትላንዳዊው ሐኪም በአርቺ ኮክራን ስም የተሰየመው የኮክራን ድርጅት ዓርማውን የሠራው ከዚሁ ታሪክ ነው።

ይህን ዘዴ ወደ አመራር ጥናት ካመጡት መካከል ዴቪድ ትራንፊልድና ባልደረቦቹ በ2003 ያወጡት ጽሑፍ በሰፊው ይጠቀሳል። ጄፍሪ ፌፈርና ሮበርት ሳተንም በ2006 ማስረጃን መሠረት ስላደረገ አመራር መጽሐፍ ጻፉ። ዘዴው ለእኛ ክርክር ምን እንደሚጠቅም ከራሱ ከቢፒአር ልጀምር። አባቱ ማይክል ሃመር ሐሳቡን በ1990 ካወጣ በኋላ በ1993 ከጄምስ ቻምፒ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከሞከሩት ድርጅቶች ከ50 እስከ 70 ከመቶ የሚሆኑት የተመኙትን ታላቅ ውጤት እንዳላገኙ ገመተ። ግምቱ ሳይንሳዊ እንዳልሆነ ራሳቸው ጸሐፊዎቹ ተናግረዋል። ግምቱ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር «70 ከመቶ የለውጥ ፕሮግራም ይከሽፋል» የሚል ሕግ ሆኖ አረፈው። ማርክ ሂዩዝ የተባለ ተመራማሪ በ2011 ይህ ቁጥር የታተመባቸውን ጽሑፎች ወደ ምንጫቸው ተከትሎ ሲሄድ የሚያስተማምን ማስረጃ አላገኘም። ሳይጣራ ወሬ፣ ሳይገደል ጎፈሬ ይሏል ይሄ ነው። እዚህ ላይ ለተቃዋሚው ወገንም አላዝንም፦ «አሜሪካ ውስጥ እንኳ 70 ከመቶው የከሸፈ» እያልን የምንጽፍ ሰዎች ከካድሬው የተሻለ ማስረጃ አልያዝንም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የግምገማ ጉዳይ ነው። የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም በተጀመረበት በ1996፣ አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ ለሠራተኛ ስለ ሥራው አስተያየት መስጠት ምን እንደሚያመጣ የመረመረ ትልቅ ዳሰሳ አሳተሙ። በሺህ ከሚቆጠሩ ጽሑፎች መስፈርቱን ያለፉት 131 ብቻ ነበሩ፤ ከነሱ 607 ውጤቶች ተሰበሰቡ። በአማካይ አስተያየት መስጠት ሥራን ያሻሽላል። ነገር ግን ከሦስት አንድ በሚበልጠው ጊዜ ሥራውን አባሰው! አስተያየት ተቀብሎ ሥራው የሚበላሽበት ሰው ጥቂት አይደለም ማለት ነው።

መቼ ነው የሚያበላሸው? እንደ ጸሐፊዎቹ ትንታኔ፣ የሰውየው ሐሳብ ከሥራው ተነሥቶ ወደ ራሱ፣ ወደ ክብሩና ወደ ማንነቱ ሲዞር ነው። ክብርን የሚነካ አስተያየት ጥቅሙ ያንሳል። የሚገርመው፣ ሙገሳም ጥቅሙን ይቀንሰዋል። የሚጠቅመው ትክክለኛው አሠራር የትኛው እንደሆነና ከባለፈው ምን ያህል እንደተሻሻለ የሚያሳይ አስተያየት ነው። አሁን ይህን ይዘን የእኛን ግምገማ እንየው። ከትግል ሜዳ ወደ ቢሮ የገባው ሂስና ግለ ሂስ፣ በኋላም እስከ አንድ ለአምስት አደረጃጀት የወረደው፣ ሰውን በጓዶቹ ፊት አቁሞ ስለ አመለካከቱና ስለ ቁርጠኝነቱ የሚጠይቅ ነው። ስለ ፋይሉ፣ ስለ ደንበኛው፣ ስለ ዘገየው ውሳኔ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከተነሣ። ክሉገርና ዴኒሲ ስለ ግምገማ አልጻፉም፣ ስለ ኢትዮጵያም አልጻፉም። ቢሆንም ትኩረትን ከሥራ ወደ ሰው ለማዞር ታስቦ የተሠራ ሥርዓት ካለ ከዚህ የበለጠ አላውቅም። ቢኤስሲን ከዚህ ልማድ ላይ ደርቦ ለሠራተኛው ነጥብ መስጠት ምን ያመጣል ብሎ ለሚጠይቅ ሚኒስትር ቢያንስ ጥርጣሬ የሚያሳድር መረጃ ከዓመታት በፊት ታትሞ ተቀምጦ ነበር።

ይህን ስል ዳሰሳውን እንደ ዳዊት እንድገም ማለቴ አይደለም። ዘዴውን የሚያመልኩ ሰዎች በበኩላቸው ሌላ አደጋ ናቸው። ያንን ርካሽ መርፌ ተመልሰን እንየው። ፓኪስታንን፣ ኬንያንና ዛምቢያን ጨምሮ በስድስት አገሮች አጠቃቀሙን እስከ ገጠር ለማስፋፋት የተሞከረበት ትልቅ ጥናት በ2015 ታተመ፤ በአጠቃላይ የአራስ ሕፃናት ሞት ጨምሮ ተገኘ። በ2020 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ሙከራ፣ በአምስት ታዳጊ አገሮች የተሻለ እንክብካቤ ባላቸው ሆስፒታሎች የተደረገው፣ እንደገና ጥቅሙን አሳየ። መርፌው ያው ነው፤ ቤቱ ግን የተለያየ ነው። ለመርፌ እንዲህ ከሆነ ለሥራ ሂደት ለውጥማ ምን ይባላል? የቶዮታ ሠራተኛ ሥራውን እንደማያጣ ተማምኖ የማሻሻያ ሐሳብ ያቀርባል። በቢፒአር ድልድል ማግሥት ደረጃውን ያጣ የቀበሌ ጸሐፊ በምን ልቡ ያቀርባል? ሌላም አለ። አብዛኞቹ የአመራር ጥናቶች የሚለኩት አሠሪው የሚፈልገውን፣ ምርትንና ትርፍን ነው፤ ጥናቶቹ ያልለኩትን ዳሰሳው ከየትም አያመጣውም።

«እኛ አገር ጥናት የለም» የሚለው ምክንያት አይዋጥልኝም። ስለ ቢፒአርና ስለ ቢኤስሲ የተጻፉ የማስተርስ ጽሑፎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክ ማከማቻ በብዛት ተቀምጠዋል። ካየኋቸው ብዙዎቹ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን በመጠይቅ «ለውጡ ጠቅሟል ብለው ያምናሉ?» ብለው የሚጠይቁ ናቸው፤ አለቃው በሚያይበት አገር መልሱ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ። ከመካከላቸው ግን ከለውጡ በፊትና በኋላ የነበረውን አገልግሎት የመዘገቡ ይኖራሉ። በሜሪላንድም ሆነ በስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ ወገኖቻችን፣ ሁለት ተመራቂ ተማሪ ይዛችሁ በአንድ ክረምት ልትለቅሟቸው ትችላላችሁ። መስፈርቱን አስቀድማችሁ ጻፉ፣ በይፋም አውጡት። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ባለጉዳዩ ከለውጡ በፊት ስንት ቀን ይመላለስ ነበር፣ በተመረቀበት ወር ስንት ሆነ፣ ባነሩ ከወረደ ከሁለት ዓመት በኋላስ?