«የአንቴና ሽቦ» ስለሚለው ስያሜ

ስለ ሞዴል አውሮፕላን የሬድዮ ተቀባይ ጥገና ሲተረጎም «የአንቴና ሽቦ» ማለት ለጆሮ የቀለለ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ስያሜው ሁለት ነገሮችን ያዳብላል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ተቀባይ ላይ መከለያ የለበሰው ኬብል አስተላላፊ ብቻ ነው፤ ሞገዱን የሚቀበለው ከመከለያው የወጣው፣ የሞገዱን ርዝመት ሩብ የሚያህለው የ31 ሚሊሜትር ጫፍ ነው። ጫፉ ሲበጠስ መፍትሔው ከኬብሉ ላይ መከለያውን በዚሁ ልክ መግፈፍ ነው። «የተበጠሰውን ሽቦ ቀጥል» የሚል ትርጉም ያነበበ የመካኒሳ ጠጋኝ ግን ያገኘውን ቁራጭ በይዶ ልኩን ያፋልሳል፤ ሞዴሉም ሩቅ ሳይሄድ ከትእዛዝ ይወጣል። ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የቃሉ ነው። ስለዚህ የለበሰው ክፍል «መጋቢ ኬብል» ይባል፤ ሕዝብ የተቀበለው «አንቴና» ለጫፉ ብቻ ይወሰን፤ «ሽቦ» ከሁለቱም ይውጣ።