ሲስተሙን የሠራው ማን ነው?

ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ የአዲስ አበባ ሰው ይኖር ይሆን? አባባሉን ልብ ብላችሁ ስሙት። «ተበላሸ» አይባልም፤ «አበላሸነው» ማለትማ ጭራሽ አይታሰብም። «የለም» ነው። ሲስተካከል ደግሞ «መጣ» ይባላል። ሲስተም እንደ ዝናብ ነው፤ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ወረፋ የያዘው ሰውም አገጩን ይዞ ይጠብቃል። እኔ ሶፍትዌር እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ አምስት ዓመት ምህንድስና ተማርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ኮድ ነው። ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ቅልል ይለኛል ብላችሁ ትታዘቡኝ ይሆናል። የሙያ ጓደኞቼ ስም አልተነሳማ።

ይህን ቅለት ያበላሸብኝ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነው፦ የኤለን ኡልማን «ክሎዝ ቱ ዘ ማሽን»። እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመው ከኮምፒውተር ይልቅ በግጥም መጻሕፍት የሚታወቀው የሳን ፍራንሲስኮው ሲቲ ላይትስ ነው። ርዕሱን «ለማሽኑ ቀርቦ» ብንለው ያስኬዳል። ኡልማን ፕሮግራም መጻፍ የጀመረችው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ሙያ፣ ሴት፣ ያውም የግራ ፖለቲካ ውስጥ ያለፈች። መጽሐፉ ስለ ሥራ፣ ስለ ኮምፒውተርና ገና ዳዴ ይል ስለነበረው ኢንተርኔት የተጻፈ የግል ትረካ ነው። ዛሬ ስልክ በያዘ ሰው ሁሉ እጅ የሚጻፈው ዓይነት ወግ፣ ማለት ነው። ታዲያ ይሄኛው ለምን ከብዙዎቹ ተለየብኝ?

በአማርኛ ስለ ቴክኖሎጂ የሚጻፈውን እከታተላለሁ። ወይ የአጠቃቀም መመሪያ ነው፣ ወይ እሮሮ። መመሪያው አምስት መንገዶችን ይዘረዝርልናል። እሮሮው ደግሞ ስልክ ቤተሰብ በተነ፣ ቲክቶክ ልጆቹን ወሰደ፣ ቡና ላይ እንኳ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቀረ ይለናል። ውሸት ነው አላልኩም። ግን በሁለቱም ውስጥ ቴክኖሎጂ ከውጭ የመጣ ነገር ነው፤ ዕቃው ደርሶናል፣ እኛ ተጠቃሚዎች ወይም ተጎጂዎች ነን። «እኔ ነኝ የሠራሁት» ብሎ የሚጀምር አንድ ጽሑፍ አላጋጠመኝም። እዚሁ ከተማ ውስጥ በሺህ የምንቆጠር ሰዎች ቀኑን ሙሉ የምንሠራው ግን ያንን ነው።

የኡልማን መጽሐፍ የሚጀምረው ከሥራ ነው። ሰዓቱ ስንት እንደሆነ የማታውቅ ሴት ከባልደረቦቿ ጋር ተፋጣ ባግ ታሳድዳለች። እዚህ ላይ ያለውን ደስታ አትደብቀውም። ኮድ ሲሠራልህ የሚሰማህን ያንን ሕፃንነት፣ ምግብና እንቅልፍ ማስረሳቱን፣ ከዚያም አልፎ ትንሽ ማስታበዩን ታሳያለች። እየሠሩት ያሉት ሲስተም በሳን ፍራንሲስኮ ለኤድስ ሕሙማን አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ነው። ከዚያ አንድ ቀን ሲስተሙን የሚጠቀሙት ሰዎች ራሳቸው ስብሰባ ይመጣሉ። ያ በሰሌዳ ላይ የተሣለው ንጹሕ ሣጥንና ቀስት፣ የታመመ ሰው በየቀኑ በሚያዩ ሰዎች ጥያቄ ይርበደበዳል። ይህን ገጽ ያነበብኩት ታክሲ ውስጥ ነበር፤ ሳቄ መጣብኝ፣ ቀጥሎ አፈርኩ። እኔም በዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ አውቃለሁ፤ «እሱን በሚቀጥለው እናየዋለን» ብዬም አውቃለሁ።

የመጽሐፉ እምብርት ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንድ የትንሽ ድርጅት ባለቤት ሲስተም ያስገባል። ከዓመታት በፊት የቀጠራት፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ታመጣለት የነበረች ሠራተኛ አለችው። ሰውየው ኡልማንን ይጠይቃታል፦ ይህቺ ሴት በኪቦርዱ ላይ የምትነካውን ሁሉ መመዝገብ ይቻላል? ሌብነት አልጠረጠረም። አልተጣሉም። ብቻ አሁን ማየት ስለሚቻል ማየት አማረው። ኡልማን ሰውየውን ጭራቅ አታደርገውም፤ ደግ ሰው ነው፣ ሠራተኛውንም ይወዳታል። የምትደርስበት ድምዳሜ ሲስተሙ ራሱ ነው ሰውየውን የለከፈው የሚል ነው። ማሽኑ ዓለምን በራሱ አምሳል ይቀርጻል፤ ቁጥር የሚፈልግ ነገር ቤትህ ካስገባህ አንተም ቁጥር መፈለግ ትጀምራለህ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት፣ ምክንያቱም የእኔን ታሪክ ነው የነገረችኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ አስመጪ ድርጅት የንብረት መቆጣጠሪያ ሠርተን ነበር። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ጠራኝና ሠራተኞቹ ሲስተሙ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። «ይቻላል፣ የሁለት ቀን ሥራ ነው» አልኩት። በአንድ ቀን ተኩል ጨረስኩት። ለአሥራ አምስት ደቂቃ ምንም ያልነካ ሰው ስሙ ቀይ ይሆናል። ቀዩን ቀለም ራሱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ደስ የሚል ቀይ ነበር፣ ኮራሁበት።

እዚያ ቤት ሁሉም «እትዬ» የሚሏት አንዲት የመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ሥልጠና ስንሰጥ ቡና ያፈላችልን እሷ ናት። በየሳምንቱ ከሁሉ ሰው በላይ ቀይ የምትሆነውም እሷ ሆነች። ነገሩ ቆይቶ ገባኝ፦ ሲስተማችን ተመላሽ ዕቃ ሲኖር ቁጥር ያዛባል፣ እሷ ደግሞ ደብተሯን ይዛ መጋዘን ወርዳ በእጇ ትቆጥራለች። ማለትም የእኛን ባግ ስታርም ያሳለፈችውን ሰዓት የእኛው ኮድ ሥራ ፈት ብሎ መዘገባት። አንድ ቀን አስጠርታኝ በጣቷ ስክሪኑን እያሳየች «ልጄ፣ ይሄ ቀዩ ምንድነው?» አለችኝ።

«ሲስተሙ ነው፣ እትዬ» አልኳት።

በቃ፣ ይኸው ነው። ባጉን አስተካከልነው፤ ቀዩ ግን ቀረ፣ ሥራ አስኪያጁ ወዶት ነበር። እሷን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ አዛወሯት። የተዛወረችው በዚያ ምክንያት ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም። ያልጠየቅኩት ስላልፈለግኩ ነው።

ስለዚህ ከኡልማን ጋር የምጣላበት ነጥብ አለኝ። «ሲስተሙ ሰውየውን ለከፈው» የሚለው አስተያየት መጽሐፉ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ነው፤ ያማረም ነው። ግን ገልብጣችሁ ካያችሁት የእኛው «ሲስተም የለም» የአጎት ልጅ ነው። ሁለቱም ሲስተሙን ባለቤት ያደርጉታል፤ አንዱ መጣ፣ ሄደ ይለዋል፣ ሌላው ለከፈ ይለዋል። የት ሄዱ የጠየቀው ሰውና «ይቻላል» ያለው ሰው? ሥራ አስኪያጁን ማሽኑ አልለከፈውም፤ የእኔ ችኩልነት ነው ያበረታው። «ለምን ፈለግከው?» ብዬ ብጠይቀው ምናልባት አፍሮ ይተወው ነበር። አንድ ጥያቄ ነበረች፣ እሷን ዋጥኳት።

ደግነቱ ኡልማን ከሐሳቧ ይልቅ ትረካዋ ይበልጣል። ሐሳቧ ጥፋቱን ለማሽኑ ሲሰጥ ትረካዋ ግን እሷን ራሷን ከክፍሉ አያስወጣም፤ ሰውየው ሲጠይቅ ወንበር ላይ የተቀመጠችው፣ የሚከፈላት፣ መልሱን የምታውቀው እሷ ናት። ጸሐፊ ሐሳቡ ቢሳሳት እንኳ ያየውን በታማኝነት ከጻፈ አንባቢ ራሱ ሊያርመው የሚችልበት ዕድል ይተርፋል። ወጎቻችን ላይ የሚጎድለኝ ይህ ነው። ሐሳቡማ ሞልቷል፤ ክፍሉና ወንበሩ ናቸው የሌሉት።

ሁሉም ገጽ እኩል አይደለም። ብራያን ከሚባለው ወጣት የክሪፕቶግራፊ አፍቃሪ ጋር የነበራት ግንኙነት ሰፊ ቦታ ይይዛል። ማንነትን የማይገልጥ የገንዘብ ሥርዓት የመፍጠር ሕልሙ ከቢትኮይን አሥር ዓመት በላይ ቀድሞ መጻፉ ዛሬ ያስገርማል፤ ልጁ ግን እንደ ሰው ሥጋ አይለብስም። የሐሳብ መስቀያ ሆኖ ቀርቷል።

ስለ ብቸኝነት የጻፈችው ይሻላል። በኮንትራት ስትሠራ ሰዎች ለወራት ከቤተሰብ በላይ ይቀርቡሃል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እንዳልነበሩ ይጠፋሉ። ይህ ለእኔ ዕለታዊ ነው፤ ፊታቸውን በአራት ማዕዘን ውስጥ ብቻ የማውቃቸው ሰዎች ጋር ስውል ምሽት ላይ ድምፄ ይዘጋል። ልዩነቱ እሷ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሰፊ ቤት ብቻዋን ናት፣ እኔ ስድስት ሰው ባለበት ቤት ነኝ። እናቴ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ስታየኝ «ዛሬም ሥራ የለህም?» ትለኛለች። ለእሷ እኔ ቀዩ ነኝ።

ኋላ ላይ፣ በ2017፣ «ላይፍ ኢን ኮድ» በሚል የሰበሰበቻቸው መጣጥፎችም አሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጽፋው እዚያ የተካተተ አንዱ ኢንተርኔት እያንዳንዱን ሰው የራሱ ዕቃ ብቻ የተደረደረበት ሙዚየም ውስጥ ብቻውን ሊያስቀምጠው እንደሚችል ይተነብያል። ፌስቡክ ገና አልነበረም። እኔ ግን ከትንቢቷ ይልቅ የወንበር ታሪኳን እመርጣለሁ፤ ትንቢት ሲደርስ ያረጃል።

ባለፈው ሳምንት ለኪራይ ገንዘብ ላወጣ ባንክ ነበርኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ እጇን አወናጭፋ «ሲስተም የለም» አለች። ወረፋው ተነፈሰ። አንድ አዛውንት «መቼ ይመጣል?» አሉ፤ ትከሻዋን ነቀነቀች። አብሮኝ የተማረ ልጅ የሚሠራው እዚያው ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ስልኬን አውጥቼ ቴሌግራም ላይ «ሰላም ነህ? ምን እየሠራህ ነው?» ብዬ ጻፍኩለት።

መልሱ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። «ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነኝ» ይላል። «እኔ ነኝ የጣልኩት። ለማንም እንዳትናገር።»