ስለ ፍሊት ፎክስስ ዘፈን፤ ሰሙና ወርቁ

በአሜሪካ አገር፥ በዋሽንግተን ግዛት ሲያትል በምትባለው ከተማ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ዓ. ም. የተመሠረተ አንድ የዘፋኞች ማኅበር አለ፤ ስሙም ፍሊት ፎክስስ ይባላል፥ ፈጣን ቀበሮዎች ማለት ነው። የማኅበሩ አውራና የግጥሙ ደራሲ ሮቢን ፔክኖልድ ነው። ሲያትል በአንድ ወገን ባሕር፥ በሌላው ወገን ጥድ የለበሰ ተራራ ያላት ከተማ ናትና፥ ከዚያ የሚወጣ ዘፈን ወንዝና በረዶ፥ ወፍና ጫካ ቢያነሣ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚመረመረውስ እነዚህ ሁሉ ለምን እንደ ተጠሩ ነው።

የመጀመሪያው ሙሉ ሸክላቸው በ2008 ዓ. ም. ወጣ። በማኅደሩ ላይ የፍላንድር ሠዓሊ ፒተር ብሩጌል በ1559 ዓ. ም. የሳለው ሥዕል ታትሞበታል። ሥዕሉን በሩቅ ያየ ሰው የአንድ መንደር ግርግር ይመስለዋል፤ ቀርቦ የተመለከተ ግን የሰዎቹ ሥራ ሁሉ ተረትና ምሳሌ መሆኑን፥ ምሳሌውም ከመቶ እንደሚበልጥ ያስተውላል። መንደሩ ሰም ነው፥ የሰው ልጅ ሞኝነት ወርቅ ነው። እንዲህ ያለውን ሥዕል በደጁ የሰቀለ ማኅበር፥ በቤቱ ውስጥም እንዲሁ ያለ ነገር እንደሚገኝ ቃል የገባ ያህል ነው።

ቃሉን የጠበቀው ግን በግማሹ ነው። በብዙው ዘፈን ፀሐይ ትወጣለች፥ ወፍ ይዘምራል፥ ተራራ በስሙ ይጠራል፤ ሰሚውም ደስ ብሎት ሲያበቃ ወርቁን ቢፈልግ አያገኘውም። ብሉ ሪጅ የተባለው ተራራ በአገሪቱ ምሥራቅ ያለ ነው፥ ዘፋኞቹ ግን የምዕራቡ ልጆች ናቸው። የተራራው ስም ከዜማው ጋር መስማማቱ ይሰማል፤ በዚያ ተራራ የኖረ ሰው የሚያውቀው ነገር ግን አይሰማም። ደግሞም ብዙ ድምፅ ተባብሮ፥ በባዶ የድንጋይ ቤት ውስጥ እንደሚያስተጋባ ሆኖ ስለ ተቀረጸ፥ ቃሉን ይውጠዋል። ወዳጆቻቸው፥ ሰው ከሸለቆ ማዶ ሲጣራ እንዲህ አይደለምን ይላሉ። ይህ ለዜማው በቂ መልስ ነው፥ ለግጥሙ ግን አይበቃም።

ከዚህ ነቀፋ ነጻ የሚሆነው «ዋይት ዊንተር ሂምናል» የተባለው ነው። ስሙ መዝሙርን ቢጠራም ስለ አምልኮ የሚናገር አንድ ቃል የለበትም። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ አንዱ ድምፅ ይጀምራል፥ ሌሎቹም በየተራ እየገቡ ይከተሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ልጆች አንገታቸውን በቀይ ሻርፕ ጠምጥመው በበረዶ ላይ ተከታትለው ሲሄዱ አንዱ ይወድቃል፥ ነጩም በረዶ ቀይ ይሆናል። ማን እንደ ጣለው፥ ሞቶም እንደ ሆነ አይነገርም። ግጥሙ ይህንኑ ደግሞ ያበቃል። በዚህ ስፍራ በረዶው ጌጥ አይደለም፤ ነጩ ባይኖር ቀዩ አይታይምና። አንዱ በሌላው ኋላ የሚገባው ድምፅም የልጆቹን ሰልፍ ራሱን ሆኖ ይሰማል። በአራት ስንኝ የሚያልቅ ቅኔ የለመደ ጆሮ ማጠሩን አይነቅፍም።

በ2011 ዓ. ም. በወጣው በሁለተኛው ሸክላ፥ «ሄልፕለስነስ ብሉዝ» በሚለው ዘፈን፥ በረዶ ዳግመኛ ይመጣል፤ አሁን ግን ወርቁን ይዞ ነው። አንድ ጎልማሳ፥ ሁለት የበረዶ ቅንጣት እንደማይመሳሰል አንተም አምሳያ የለህም እየተባለ አድጓል፤ ኋላ ግን የአንድ ታላቅ መኪና ጥርስ ሆኖ ማገልገልን መረጠ። መኪናው የማን እንደ ሆነ ስላላወቀ የፍሬ አትክልት ቦታ ይመኛል፥ እስኪደክምም ሊሠራበት ይወዳል። ሞፈር ጨብጦ የማያውቅ ሰው እርሻን እንዲህ ማቆላመጡ ገበሬን ፈገግ ያሰኘው ይሆናል። ዘፈኑ ግን ይህን የዘነጋ አይደለም፤ ምኞቱ ከሲኒማ መጋረጃ የተቀዳ መሆኑን በመጨረሻው ላይ ራሱ ይገልጣልና። ከዚህ በፊት ከሠሩት ሁሉ የሚበልጠው ስለዚህ ነው።

በ2017 ዓ. ም. የወጣው «ክራክ አፕ» ዜማው ተሰባብሮ፥ ምሥጢሩም ተቆላልፎ፥ ለፈቺ የሚሆን ቀዳዳ ያልተወለት ሥራ ነው።

አራተኛው «ሾር» ይባላል፥ የባሕር ዳርቻ ማለት ነው። ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ቀን፥ መስከረም 22 ቀን 2020 ዓ. ም. በፈረንጅ አቆጣጠር፥ ወጣ። የመጀመሪያውን ዘፈን ፔክኖልድ ለኡዋዴ አሳልፎ ሰጥቶ፥ ሸክላው በእርሷ ድምፅ ይከፈታል፤ አውራው ቀዳሚውን ቃል ለሌላ ሲለቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በሁለተኛው ዘፈን፥ በ«ሰንብላይንድ»፥ የሞቱትን ዘፋኞች በየስማቸው ይጠራል። ከጠራቸው በኋላም ወደ ውኃ ገብቶ ይዋኛል፤ ውኃውም እንደ ፊተኞቹ ተራሮች ስሙ ስላማረ የተጠራ አይደለም፥ ሐዘንተኛ የሚገባበት ውኃ ነው።